ለእጄ ልክ የሚሆን ሽጉጥ

…አይ፣ ይቺም ከበደችኝ እላለሁ፣ ጨርቁ ላይ መልሼ አስቀምጣታለሁ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ነው፣ የቁማር ጠረጴዛ ላይ እንደሚነጠፈው፣ ሦስተኛዋ ናት፣ ሻጩ አይቆጣም፣ አፈሙዟን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከፍቶ ያሳየኛል፣ ባዶ ናት፣ አየህ፣ ባዶ ናት፣ ይሄን በእያንዳንዷ ላይ ያደርገዋል፣ ሰጥቶኝ ስመልስለት እንኳ እንደገና ከፍቶ ያያል፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጥይት ከየት አምጥቼ እንደማጎርሳት እግዜር ይወቅ፣ ሼባው ነቄ ነው፣ ሰው እያመነ ቢኖር ኖሮ እዚህ ዕድሜ አይደርስም ነበር።

እጅህን አምጣ እስቲ። እዘረጋለታለሁ፣ እንደ ጓንት ሻጭ መዳፌን ገልብጦ ያያል፣ ጥፍሬ ሥር የገባው የነሐስ ብናኝ በሳሙናም በብሩሽም አይለቅም፣ ምንድን ነው ሥራህ፣ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ፣ አሃ ይላል፣ ለሰው በር ቁልፍ እየሠራህ ለራስህ በር ሽጉጥ ፈለግክ፣ ብሎ ብቻውን ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ሳቄ ግን ከጥርሴ አያልፍም፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፣ የሱቁ በር መስታወት ነው፣ የሚያልፍ ሁሉ ይታያል፣ ሴትዮ ከነዣንጥላዋ፣ ጋሪ የሚገፋ፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ፣ እሱ ነው፣ አይደለም። ይሄኛው ወፍራም ነው። አይደለም።

ስሙን አውቀዋለሁ፣ ፍርድ ቤቱ የላከልኝ ወረቀት ላይ እስከ አያቱ ተጽፏል፣ ግን በስሙ አልጠራውም፣ ለእኔ ከረባቱ ነው፣ መጀመሪያ ሱቄ ሲመጣም ከሰውዬው በፊት ከረባቱን ነው ያየሁት፣ ሰማያዊ፣ ቋጠሮው ጥብቅ ያለ፣ በአንድ እጁ ዳቦና ወተት በሌላው አበባ፣ ወንድሜ ተቸገርኩ፣ ባለቤቴ ቁልፉን ይዛው ሥራ ሄደች፣ በሬ ላይ ቀረሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ እዚሁ ነው። ደንቡን አውቃለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ሽማግሌ ስድስት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሲጮህበት የኖረ ደንብ ነው፣ የሰው በር ከመክፈትህ በፊት የጎረቤቱን በር አንኳኳ፣ ይሄ ሰውዬ የቤቱ ሰው ነው ወይ በል፣ ጎረቤት ከሌለ ዕቃህን ሰብስበህ ተመለስ፣ ተርበህ እደር። ሽማግሌው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ደንቡ ግን አልሞተም፣ እኔ ነኝ የዘለልኩት፣ ኳስ ነበረ በቃ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀምር ነበር፣ ሰው ይሄን ለዳኛ እንዴት ብሎ ይናገራል፣ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ኳስ ቸኩሎብኝ ነው፣ ይላል እንዴ፣ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፣ እኔ ግን ቸኩዬ የሰው ክንድ አስነከስኩ።

ደግሞ እኮ አይቼ ነበር። የማይተወኝ ይሄ ነው። የበሩ ቁልፍ አዲስ ነበር፣ ዕድሜ ያለው ቁልፍ ቀዳዳው ዙሪያ ይጫጫራል፣ ሰክሮ የገባ፣ የቸኮለ፣ በጨለማ የዳበሰ ሁሉ ጭረቱን ትቶበት ይሄዳል፣ ያ ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው፣ ሳምንት አልሞላውም፣ አሮጌ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ካየህ አንድ ሰው ሌላውን ሰው ውጣልኝ እያለው ነው፣ ይሄን የትም ያለ ቁልፍ ቀራጭ ያውቀዋል፣ እጄም አውቆት ነበር፣ እጅ ግን አፍ የለውም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሩን ገፋ ሳደርገው ከኋላው ወንበር ተንፏቀቀ፣ ከውስጥ የተደገፈ ወንበር፣ ቤቱ ባዶ ከሆነ ወንበሩን ማን ደገፈው፣ ይሄንን ሳስብ ሰውዬው ዞር ብሎ እጅህ ይባረክ አለኝ። እጅህ ይባረክ። እሺ ጋሼ አልኩት፣ ጋሼ ብዬዋለሁ፣ ደረጃውን ወረድኩ፣ ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ሰማሁ፣ ጩኸት አይደለም፣ መሃል ላይ የተቆረጠ ጩኸት፣ ቆምኩ፣ ስንት ሰከንድ እንደቆምኩ ለፖሊስ አልተናገርኩም፣ ለማንም አልናገርም፣ ከዚያ ተመለስኩ፣ በሩ ተዘግቷል፣ የከፈትኩትን በር እንደገና መክፈት፣ ሽቦው እጄ ላይ ይጨፍራል፣ ሁለት ደቂቃ የነበረው ስምንት ሆነ፣ ጎረቤት ወጣ፣ ቀድሜ ላንኳኳለት የሚገባኝ ጎረቤት ራሱ፣ በመጨረሻ በሩ ሲከፈት ከረባቱ በመሃላችን አልፎ ቋጠሮውን እያስተካከለ ወረደ። ውስጥ የነበረችው ባለቤቱ መምህርት ናት። ቀኝ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሰሌዳ ላይ በግራ እጇ መጻፍ እየተለማመደች ነው አሉ። ምስክሩ እኔ ነኝ፣ ጎረቤቱ ምንም አላየሁም ብሏል፣ እኔ ብቻ ነኝ፣ ሐሙስ ነው ቀጠሮው፣ ዛሬ ማክሰኞ።

ይቺን ሞክራት ይላል ሻጩ። አራተኛዋ፣ ጥቁር፣ ጌጥ የሌላት፣ እጀታዋ ሻከር ያለ፣ እጄ ውስጥ ስትገባ ዝም አለች፣ የቀደሙት ሁሉ ያወሩ ነበር፣ አንዷ ወደፊት ትደፋለች፣ አንዷ ትንሿን ጣቴን ሜዳ ላይ ትጥላታለች፣ ገና ከበሩ ስገባ የጠቆምኩት ኪስ የምትገባዋን ሚጢጢ ነበር፣ ኋላ ነው የነገረኝ፣ ትንሽ ሽጉጥ እንደ ትንሽ አህያ ናት፣ ርግጫዋ ይብሳል፣ ለኪስ እንጂ ለእጅ አትሆንም አለ፣ ስድስት ጎራሿንም አሳየኝ፣ እሷ ብዙ ጣጣ የላትም፣ ቃታዋ ግን ጠንከር ይላል፣ ለአንዳንድ ሰው ያ ጥሩ ነው፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል፣ ይሄን ሲል ቀና ብሎ አየኝ፣ አንዳንድ ሰው መስዬው ይሆን። አሁን ይቺኛዋ። ወደ ግድግዳው አዙሬ ቃታዋን ቀስ ብዬ እስባለሁ፣ መጀመሪያ ትላላለች፣ ከዚያ የሆነ ነገር ይገጥማታል፣ ትንሽ ስጨምር ጠቅ። ወይኔ። ይሄን ጠቅ አውቀዋለሁ፣ የሰው በር ስከፍት ሽቦዬ ጫፍ ላይ የመጨረሻዋ ጥርስ ቦታዋን ስትይዝ ልክ እንዲህ ነው፣ በጆሮ አይሰማም፣ በሌባ ጣት ነው የሚሰማው፣ ከእጅ አንጓ ወጥቶ ክርን ድረስ ይመጣል፣ ደስ ይላል፣ ምን ያደርጋል ደስ ይላል። እንደገና እስባለሁ። ጠቅ። በዚሁ ጣት ነው የእሷን በር የከፈትኩት። እንደገና።

ወደድካት ይላል ሻጩ። ወደድኳት። ለምን ፈለግካት፣ ሁሉንም ሰው ይጠይቃል መሰለኝ፣ ድምፁ የሐኪም ድምፅ ነው፣ የት ጋ ነው የሚያምህ እንደማለት። አስፈራርተውኝ ነው እላለሁ። በምን አስፈራሩህ።

በምን ልበለው። ትናንት ከረባቱ ሱቄ መጣ፣ በዋስ ወጥቷል፣ ጤና ይስጥልኝ ብሎ አንድ ቁልፍ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠ፣ ይቺን ቅረጽልኝ፣ አንድ ይበቃኛል። አነሳሁት። ቁልፍ ለእኔ ፊት ነው፣ ጥርሱን አይቼ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሦስተኛው ጥርስ ላይ ሞረዴ ያዳለጠባት እንከን አለች፣ የራሴ እጅ ሥራ፣ የቤታችን ቁልፍ ነው፣ እናቴና እኔ የምንተኛበት፣ እሷ ድንገት ልጄ ቁልፍ ረስቶ ቢመጣ ብላ ከአበባ ማሰሮው ሥር የምታስቀምጠው፣ ቁልፍ ቀራጭ ቁልፍ ቢረሳ በር ላይ የሚያድር ይመስላታል። ቀና ስል ፈገግ ብሎ ያየኛል፣ ከረባቱ ግራጫ ሆኗል፣ አልቸኩልም ለሐሙስ ብታደርስልኝ ይበቃል አለኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፣ ተረኛው ሰማኝ ሰማኝና፣ ታዲያ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ቁልፍ ይዞ መሄድ ወንጀል ነው እንዴ፣ ዳቦ ቤት ይዞት ይሂድልህ፣ ጓደኛው ሳቀ። የቤቱን ቁልፍ የዚያኑ ቀን ቀየርኩት፣ ሁለት መቀርቀሪያ ጨመርኩበት፣ ግን ማንን ነው የማሞኘው፣ እኔ እኮ ነኝ፣ ቁልፍ የተሠራው ለጨዋ ሰው ነው፣ ጨዋ ላልሆነው ማዘግያ ነው እንጂ መከልከያ አይደለም፣ የቆረጠ ሰው ወተትና አበባውን ይዞ ሌላ ቀራጭ ይፈልጋል፣ እንደኔ ኳስ የሚቸኩልበት ፋራ አያጣም።

ሁሉንም ዋጥ አድርጌ፣ አንድ ሰውዬ ቤቴን ያውቀዋል ጋሼ እላለሁ።

ሻጩ ራሱን ይነቀንቃል። ለማሳየት ነው የምትፈልጋት ወይስ ለመተኮስ። ለማሳየት እላለሁ፣ ቶሎ፣ ጨዋ ልጅ ለመምሰል። እንግዲያው አትግዛት፣ አሳይተህ የማትተኩስ ከሆነ ለሰውዬው ከቤትህ ድረስ አምጥተህ ሰጠኸው ማለት ነው። እሺ ለመተኮስ እላለሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አይከብድም፣ እንደ ማንኛውም ቃል ነው፣ ዳቦ ለመግዛት፣ በር ለመክፈት፣ ለመተኮስ፣ ይገርማል፣ ቢያንስ ትንሽ ጉሮሮ ላይ ቢይዝ ምን ነበረ።

ቤትህን ሣልልኝ ይላል። እርሳስና ወረቀት ይሰጠኛል። ይሄማ የእኔ ሙያ ነው፣ በር ሳልስት እስላለሁ፣ አልጋዬ ሳሎን ነው፣ ፊት ለፊቱ የውጭው በር፣ ከበሩ ጎን ሽንት ቤቱ፣ ከራስጌዬ ጀርባ የእናቴ ክፍል፣ ሌላ የለም፣ ወጥ ቤቱ እዚሁ ጥግ ላይ ነው፣ የድሃ ቤት ለመሣል ይመቻል። ሻጩ እርሳሱን ይወስድና ከአልጋዬ እስከ በሩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል፣ ጥይትህ በዚህ ነው የሚሄደው፣ ሰውዬው እዚህ ቆሟል፣ ጨለማ ነው፣ ምን ታደርጋለህ። እተኩሳለሁ። አይደለም ይላል፣ አሁንም አይቆጣም፣ መጀመሪያ ማነው ትላለህ፣ ጮክ ብለህ፣ ሁለት ጊዜ፣ የቤት ሰው ከሆነ ይመልስልሃል። ካልመለሰስ። ካልመለሰማ እንግዲህ የቤት ሰው አይደለም።

እናቴ አትሰማም።

ሃያ ስድስት ዓመት ፈትል ፋብሪካ ሠርታ ጆሮዋን እዚያው ማሽኖቹ መሃል ትታው ነው ጡረታ የወጣችው፣ አፍ ታነባለች፣ ፊት ለፊቷ ቆመህ በቀስታ ካወራሃት አንድ አያመልጣትም፣ በጨለማ ግን የማን አፍ ታነባለች፣ ሌሊት ሁለት ጊዜ ትነሳለች፣ አንዳንዴ ሦስት፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች በእግርጌዬ ታልፍና በሩ ጋ ደርሳ ወደ ሽንት ቤቱ ትታጠፋለች፣ መብራት አታበራም፣ ልጄ ደክሞት ተኝቷል ብላ፣ እኔን ላለመቀስቀስ። ሻጩ ያሰመረው መስመር ላይ። ልክ መስመሩ ላይ። እርሳሱ ትንሽ ወፍራም ነው፣ የእናቴን ትከሻ የሚያህል ይመስለኛል።

ሌላ ማን አለ ቤት ውስጥ ይላል። እናቴ እላለሁ። እሷ እንግዲህ ማነው ስትል እኔ ነኝ ትልሃለች፣ በቃ፣ ተለማመዱት። እሺ እላለሁ። ስለ ጆሮዋ አልነግረውም፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት፣ ብነግረው ጨርቁን አጥፎ ሂድ ይለኛል፣ ሂድ ካለኝ ከረባቱ ይመጣል፣ ከመጣ ደግሞ እሷ መምጣቱን አትሰማም፣ እኔ ሱቅ እያለሁ ጀርባዋ ላይ ቢቆም ስፌቷን ትቀጥላለች፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ወዲያ ገደል ወዲህ ገደል፣ ምስክርነቱን ልተወው፣ አላየሁም ልበል እንደ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ያቺ መምህርት በግራ እጇ ምን ብላ ትጻፍ።

ማስቀመጫዋ ይሄ ነው ይላል፣ የብረት ሣጥን፣ ግንባሩ ላይ አራት ቁጥር፣ ጎኑ ላይ የመጠባበቂያ ቁልፍ ቀዳዳ፣ ያለ ባለቤቱ ማንም አይከፍተውም። ማንም ነው ያሉኝ እላለሁ፣ ወረቀት የያዘችውን ሽቦ ከደረሰኙ ክምር ላይ ነቅዬ አጣምማታለሁ፣ እጄ ጨዋታ ሲያገኝ አይጠይቀኝም፣ ሻጩ አፉን ከፍቶ ገና ምን ልትሆን ብሎ ሳይጨርስ ክዳኑ ብድግ ይላል። ሣጥኑን ያየዋል፣ እኔን ያየኛል፣ እንዳንተ ያለውን ደንበኛ እግዜር አያብዛብኝ ልጄ ይላል፣ ከዚያ ሁለታችንም እንስቃለን፣ ይሄኛው ሳቅ እውነተኛ ነው፣ ለትንሽ ጊዜ ከረባት የሚባል ነገር ዓለም ላይ የለም።

ቅጹን ሙላ። ስም፣ ሥራ፣ ከዚህ በፊት የተከሰስክበት፣ ትምህርት፣ ስምንተኛ ክፍል እላለሁ፣ ያጠናቀቀ ነው ያላጠናቀቀ፣ ምን ያጠናቅቃል፣ የርዕሰ መምህሩን መሳቢያ በፀጉር ማስያዣ ስከፍት ተይዤ ተባረርኩ እንጂ፣ ፈተና ፈልጌ ከፈትኩ፣ ያገኘሁት የጨጓራ መድኃኒት ነው። ገጹን ስገለብጥ ከታች ሌላ መስመር አለ፣ በቤቱ የሚኖር አዋቂ ሰው ሁሉ መሣሪያው ወደ ቤቱ እንዲገባ መስማማቱን በፊርማው ያረጋግጣል። እናትህ ትፈርማለች ይላል፣ ሕግ ነው፣ ያለዚያ ፈቃድ አይሰጡህም፣ ትንሽ ቆየት ብሎ ደግሞ፣ እዚህ ጋ እንዳትፈርምላት፣ አውቃችኋለሁ እናንተን። አወቀኝ። የእናቴን ፊርማ ከራሴ በፊት ነው የተማርኩት፣ ከትምህርት ቤት የተባረርኩበትን ደብዳቤ እኔው ፈርሜ መልሻለሁ፣ ሦስት ሳምንት ደብተር ይዤ ስወጣ ስገባ እሷ ምሳዬን ስትቋጥርልኝ ነበር። አራተኛዋን ለብቻዋ አስቀምጥልሃለሁ ይላል፣ እስከ ማታ።

መንገድ። ሰው ይበዛል፣ ቅጹን አጥፌ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ በፍጥነት እሄዳለሁ፣ መስኮት ባለፍኩ ቁጥር ኋላዬን በመስታወቱ አያለሁ፣ ዛሬ አገሩ ሁሉ ከረባት አስሯል እንዴ፣ የባንኩ ዘበኛ እንኳ አስሯል፣ ከኋላዬ የሚሮጥ እግር፣ ኮቴው እየቀረበ ነው፣ ዞርኩ፣ ቀኝ እጄ ቀድሞኝ ወገቤ ላይ ነው፣ ምንም የለም እዚያ፣ ቀበቶ ብቻ፣ አንድ ሰውዬ ቦርሳውን አቅፎ ትከሻዬን ገጭቶኝ ያልፋል፣ አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው፣ ይቅርታ ወንድሜ ይላል እየሮጠ። ምንም አይደል እላለሁ፣ ግን እሱ ርቋል፣ እኔ እጄ ወገቤ ላይ እንዳለ ቆሜአለሁ፣ ከረባት አላሰረም ነበር፣ ሹራብ ነው የለበሰው፣ ቡናማ ሹራብ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ። ቢኖረኝ ኖሮ። ተወው። አልነበረኝም። ቢኖረኝ ኖሮ ግን ሹራቡን ለማየት እቆይ ነበር ወይ፣ ተወው አልኩ እኮ፣ ሂድ፣ ተራመድ።

ቤት። አዲሱ ቁልፍ ጠንከር ይላል፣ ገና አልተላመድንም፣ መቀርቀሪያውን አንድ፣ ሁለት፣ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነው፣ ሁልጊዜ ስገባ ዞሬ በመስኮቱ በኩል እጄን አወዛውዝላታለሁ፣ ጥላዬን አይታ ቀና ትላለች፣ ከዚያ ነው በሩን የምከፍተው፣ ዛሬ ግን ጭንቅላቴ ቅጹ ላይ ነበር፣ ረሳሁት፣ በቀጥታ ሄጄ ትከሻዋን ነካሁ። ዞረች። መቀሱ ዓይኔ ሥር ነው። የቆመው ሁለት ጣት ሲቀረው ነው፣ የዓይኗን ነጭ አያለሁ፣ የእናቴ ፊት እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፣ የማላውቃት ሴትዮ ናት፣ ለመግደል የቆረጠች ሴትዮ፣ ከዚያ እኔ መሆኔ ገባት፣ መቀሱ ከእጇ ወደቀ፣ ወለሉ ላይ ሲወድቅ እኔ ሰማሁት፣ እሷ አልሰማችም። ደረቴን በሁለት እጇ ትደበድበኛለች፣ ልገድልህ ነበር እኮ፣ ልገድልህ ነበር እኮ አንተ ልጅ፣ ድምፅዋ ልኩን አያውቅም፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፣ እቅፍ አደርጋታለሁ፣ አንድ ፍሬ ሰው ናት።

ስትረጋጋ ሸሚዜ ውስጥ የሚንኮሻኮሸውን ነካች፣ ምንድን ነው ይሄ። ልዋሽ ነበር፣ የኪራይ ውል ነው ልላት፣ ግን ዓይኗ አፌ ላይ ነው፣ ለእሷ መዋሸት ሁለት ጊዜ መዋሸት ነው። አወጣሁት። መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፣ አንድ ቃል ላይ ጣቷ ይቆማል፣ የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከዚያ ይቀጥላል፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ ታች። ቀና ብላ ሰውዬው ነው ትላለች። ራሴን እነቀንቃለሁ። ሐሙስ ትሄዳለህ፣ ምስክርነቱን ትሰጣለህ። እሰጣለሁ እላለሁ፣ አፌን በደንብ ከፍቼ፣ እንድታነበው፣ ሳላስበው ነው ያልኩት፣ ስለው ግን እውነት ሆነ፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቦታውን ያዘ። ደግ አደረግክ ትላለች። እስክሪብቶ ስጠኝ።

ሰጠኋት። ወረቀቱን ሱሪው ላይ ዘርግታ እጥፋቱን በመዳፏ ታቀናዋለች፣ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች፣ ቆመች። ዞር ብላ አልጋዬን አየች፣ በሩን አየች፣ ሽንት ቤቱን አየች፣ ሻጩ እርሳስ ይዞ ያደረገውን እሷ በዓይኗ አደረገችው። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ አስገባሁ፣ ሌባ ጣቴ እዚያ ውስጥ ባዶውን ይስባል፣ አቁም እለዋለሁ፣ አያቆምም። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ ልታለቅስ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ ወረቀቱን ብትቀደው ደስ ይለኝ ነበር፣ እሷ ግን እስክሪብቶውን ሳታነሳ፣ በዚያ ልኩን በማያውቀው ድምፅዋ፣ ይሄን ብቻ በጣም ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ምክር ጠያቂ፣ እፈርምልሃለሁ ልጄ አለችኝ፣ ግን ንገረኝ፣ ሌሊት ለሽንት ስነሳ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያልኩ ልሂድ?